አውቶቡሱስ መጣ፤ እግረኛው በየት በኩል ይምጣ?

ሰሞኑን ለአንድ ወዳጄ ስለ አውቶቡስ ጣቢያ እየጻፍኩ መሆኔን ብነግረው ‹‹አገር እንዲህ ሆኖ አንተ ስለ ፌርማታ ትጽፋለህ?›› ብሎ ሳቀብኝ። ሳቁ ይገባኛል። እኛ ስደተኞች ስንጽፍ ስለ ጦርነት፣ ስለ እስረኛ፣ ስለ ምርጫ ነው የለመድነው። እኔ ግን አንድ አስተዳደር ሕዝቡን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ ስፈልግ አስቀድሜ የምመለከተው የእግረኛ መንገዱን ነው። ምናልባት የሙያ በሽታ ይሆናል፤ እንጀራዬን የማገኘው የመንገድና የእግረኛ ማቋረጫ ንድፍ በመሥራት ነው።

ነገሩ ደግሞ ከደጃችን የራቀ አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተሰሜን፣ በሜሪላንድ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በፎር ኮርነርስ፣ በዋይት ኦክና በብሪግስ ቼኒ አድርጎ በርተንስቪል የሚደርሰው ጎዳና፣ ሩት 29፣ ግራና ቀኙ የሐበሻ ሰፈር ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። አዲስ የመጣ ዘመድ የሚያርፈው እዚያ ነው፤ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ወንድማችንም የሚያድረው፣ ይቅርታ፣ የሚውለው እዚያው ነው። በዚህ ጎዳና ላይ በኦክቶበር 2020 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ‹‹ፍላሽ›› የሚባለው ፈጣን አውቶቡስ ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 14 ማይል ያህል ሲሆን በሜሪላንድ የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት መስመር ነው።

ፈጣን የአውቶቡስ መስመር፣ በምህጻረ ቃሉ ቢ.አር.ቲ.፣ ማለት ባቡር የሚሠራውን ሥራ በአውቶቡስና በጥቂት ገንዘብ ለመሥራት የተዘየደ መላ ነው። ሂሳቡ ከመሳፈር በፊት ጣቢያው ላይ ይከፈላል። የጣቢያው ወለል ከአውቶቡሱ ወለል ጋር እኩል ስለሆነ ጋሪ የምትገፋ እናትም ሆነች ከዘራ የያዘ ሽማግሌ ደረጃ አይወጡም። ጣቢያዎቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው። የትራፊክ መብራት ለአውቶቡሱ ቅድሚያ ይሰጣል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አውቶቡሱ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ፍላሽ ከዚህ ሁሉ አብዛኛው አለው፤ ብስክሌት እንኳ ይዞ ወደ ውስጥ መግባት ይቻላል። የጎደለው ዋናው ነገር ነው። ሥራ ሲጀምር በሰሜኑ ክፍል የመንገዱን ዳር ይዞ እንዲሄድ ሲፈቀድለት፣ በደቡቡ በኩል፣ ማለትም መጨናነቁ በሚብስበት ቦታ፣ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ እንዲሄድ ነው የተተወው።

ስለ መስመሩ ብዙ ተከራክረዋል፤ ወደፊትም ይከራከራሉ። እኔ ዛሬ መናገር የምፈልገው ማንም ብዙ ስለማይከራከርበት ነገር ነው። አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ጣቢያው እስኪደርስ ያሉትን አሥር ደቂቃዎች ማለቴ ነው። አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ሁሉ በጉዞው መጀመሪያም መጨረሻም እግረኛ ነው። እነዚያ አሥር ደቂቃዎች የሚያስፈሩ፣ የሚያንገላቱ ወይም የማይቻሉ ከሆኑ አውቶቡሱ በወርቅ ቢለበጥ ባዶውን ይሄዳል፤ አቅም ያለው በዕዳ መኪና ይገዛል፣ የሌለው በዳገቱ ይማቅቃል።

ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። ሰው በአሥር ደቂቃ የሚራመደው ግማሽ ማይል ወይም 800 ሜትር ያህል ነው። ከጣቢያው ተነስቶ ዙሪያውን 800 ሜትር ቢለካ ሁለት ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ በዚህ አገር መለኪያ 500 ኤከር ያህል መሬት ክቡ ውስጥ ይገባል። ካርታ ላይ ክብ መሣል ቀላል ነው፤ አስተዳዳሪዎችም ይህን ክብ በጣም ይወዱታል። ሰው ግን እንደ ወፍ በቀጥታ አይበርም። የአሜሪካ የዳር ሰፈሮች በአብዛኛው የተሠሩት መጨረሻቸው በተዘጋ ቅያሶች ነው። ጣቢያው ከመኝታ ቤትህ መስኮት እየታየ፣ እዚያ ለመድረስ ግን ሰፈሩን በሙሉ ዞረህ፣ ትልቁን መንገድ ይዘህ፣ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ አቋርጠህ መሄድ ሊኖርብህ ይችላል። 300 ሜትሩ 1,200 ሜትር ይሆናል። መድኃኒቱ አንዳንድ ጊዜ የሚያስቅ ያህል ርካሽ ነው፤ በሁለት አጥሮች መካከል ሦስት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ከፍቶ መብራት መትከል። አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናውቃት ያቺ ቀጭን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ናት። ፈረንጁ ጠፍቶበት በገንዘብ እየፈለጋት ነው።

ብስክሌት ደግሞ ክቡን ያሰፋዋል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው በአሥር ደቂቃ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ይሄዳል። ይህ ርቀት በዙሪያው ሲለካ 20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በእግር ከሚደረሰው አሥር እጥፍ ማለት ነው። ይኸው ነው የብስክሌት ምሥጢሩ። ነገር ግን በቀለም የተሠመረ ጠባብ መስመር ላይ፣ አጠገብህ መኪና በሰዓት 45 ማይል እየከነፈ፣ ልጅህን ‹‹ሂድ ንዳ›› ትለዋለህ? አትለውም። ስለዚህ መስመሩ በጠርዝ ድንጋይ የተለየ መሆን አለበት፤ ጣቢያው ሲደርስም ብስክሌቱ የሚታሰርበት፣ ዝናብ የማይመታው፣ ሰው የሚያየው ቦታ ያስፈልጋል። የእኛ ማኅበረሰብ ብስክሌትን ወይ የልጅ መጫወቻ፣ ወይ የተወጠረ ሱሪ የለበሰ ፈረንጅ ጌጥ አድርጎ ማየቱ ያስገርመኛል። ባሕር ዳርና ሀዋሳ ያደገ ሰው እንኳ እዚህ ሲመጣ ይረሳዋል።

ወደ ማቋረጫው ልምጣ፤ ነገሩ የሚከረው እዚህ ላይ ነው። ስድስት መስመር ያለው ጎዳና፣ መታጠፊያው ሲጨመርበት፣ ስፋቱ 100 ጫማ ይደርሳል። የአሜሪካ የትራፊክ መብራት መመሪያ እግረኛ በሴኮንድ ሦስት ጫማ ተኩል ይራመዳል ብሎ ያስባል። እስከ 2009 ድረስማ አራት ጫማ ነበር የሚለው። በዚህ ስሌት 100 ጫማ ለማቋረጥ 29 ሴኮንድ ያህል ይሰጣል። ጉልበቷን የሚያማት፣ በሴኮንድ ሁለት ጫማ ተኩል የምትሄድ እናት ግን 40 ሴኮንድ ያስፈልጋታል። የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከአገር ቤት የመጡ ጎረቤቴ አንድ ቀን አብረን መብራቱን ስንጠብቅ ‹‹ልጄ፣ ይኼ መብራት የተሠራው ለጎረምሳ ነው›› አሉኝ። እኔ በቀመር የምገልጸውን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። አሥራ አንዱ ሴኮንድ ሲያልቅባቸው የሚገኙት አምስተኛው መስመር ላይ ነው።

መኪናው በምን ፍጥነት ይመጣል? በአሜሪካ የትሪፕል ኤ የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን በ2011 ባወጣው ጥናት መሠረት በሰዓት 23 ማይል በሚሄድ መኪና ከሚመቱ 100 እግረኞች 10 ያህሉ ይሞታሉ። ፍጥነቱ 42 ማይል ሲሆን ሟቾቹ 50 ይሆናሉ። ለአዛውንቶች ደግሞ ይብሳል። እንግዲህ ጣቢያን ለእግረኛ የተመቸ ማድረግ ማለት አበባ መትከል ብቻ አይደለም። መስመሮቹን ማጥበብ፣ መንገዱ መሃል እግረኛው ቆሞ የሚያርፍበት ደሴት መሥራት፣ መኪና ሳይቆም ወደ ቀኝ የሚታጠፍበትን ሰፊ ጥምዝ ማጥበብ፣ የእግረኛውን መብራት ከመኪናው መብራት ጥቂት ሴኮንድ ቀድሞ ማብራት ነው። እነዚህ ሁሉ መኪና ነጂውን ትንሽ ትንሽ ያዘገዩታል። ክርክሩ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው፤ የሰላሳ ሴኮንድ መዘግየት በአንድ በኩል፣ የሰው እግር በሌላ በኩል ይመዘናል። የሚገርመው ሚዛኑን የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከነጂዎቹ ወገን መሆኑ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ በ2016 ‹‹ቪዥን ዜሮ››ን፣ ማለትም በመንገድ ላይ ሞትንና ከባድ ጉዳትን ዜሮ የማድረግ ግብን፣ ተቀብሏል። ስለዚህ ይህን መጠየቅ ልመና አይደለም፤ ቃላችሁን ጠብቁ ማለት ነው።

መንገዱ ቢስተካከል እንኳ የሚኬድበት ነገር ከሌለ መራመድ ምን ያደርጋል? ጣቢያውን ከበው ያሉት ብዙ ጊዜ ፓርኪንጎች ናቸው። አንዲት መኪና ቆማ፣ መግቢያ መውጫዋ ሲጨመር፣ ከ300 ስኩዌር ጫማ ያላነሰ መሬት ትወስዳለች። ለአንድ ሰው የሚሆን ስቱዲዮ አፓርትመንት ከዚያ እምብዛም አይበልጥም። ለመኪና የሰጠነውን ያህል ለሰው ብንሰጥ ምን ያህል ሰው ጣቢያው አጠገብ ይኖር ነበር? ይህን ቀድማ የተረዳችው የብራዚል ከተማ ኩሪቲባ ናት። በከንቲባ ጃይሚ ሌርነር ዘመን፣ በ1974፣ የአውቶቡስ መስመሯን ስትጀምር ረዣዥም ሕንፃ እንዲሠራ የፈቀደችው በመስመሮቹ ግራና ቀኝ ነበር። ከመስመሩ በተራቀ ቁጥር ሕንፃው ዝቅ እያለ እንዲሄድ ደነገገች። አውቶቡሱና የመሬት ደንቡ በአንድ እጅ ተጻፉ። እኛ ሰፈር አውቶቡሱን አንዱ ቢሮ፣ ጎዳናውን የስቴቱ መሥሪያ ቤት፣ መሬቱን ሌላ ቦርድ ነው የሚያስተዳድረው። አንዱ ሌላውን እስኪጠብቅ ዕድሜ ያልቃል።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ተሳካ እንበል። መብራቱ በቂ ጊዜ ሰጠ፣ ብስክሌቱ መንገድ አገኘ፣ ፓርኪንጉ ላይ ቤትና ዳቦ ቤት ተሠራ። ያን ጊዜ ሰፈሩ ይወደዳል። ‹‹ይወደዳል›› የሚለው ቃላችን ሁለቱንም ትርጉም መያዙ እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። ኪራዩ ይጨምራል፤ እስከ ዛሬ በዝናብ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ የኖረው ሰው፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራው መንገድ ሲያልቅ፣ እሱ ወጥቶ ሌላው ይገባል። የዕቅድ ሰነዶች ይህን አያውቁም ማለቴ አይደለም፤ ያውቃሉ፤ መጨረሻው ምዕራፍ ላይ በአንድ አንቀጽ ይጠቅሱታል። እኔ ግን የዕቅዱ መፈተኛ ይህ ነው ባይ ነኝ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ የሚራመዱት እነማን ናቸው?

ይህን ለመመከት የሚቻልበት መንገድ አለ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ትራንስሚሌንዮ የተባለውን መስመሯን በዲሴምበር 2000 ስትከፍት፣ ከንቲባው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ አስቀድመው ሜትሮቪቪየንዳ የሚባል የመሬት ድርጅት አቋቁመው ነበር። ሥራው በከተማዋ ዳርቻ መሬቱ ሳይወደድ ገዝቶ፣ መንገድና ውሃ አስገብቶ፣ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት እንዲሠራበት ማዘጋጀት ነበር። በዚያው ወገን ባሉ ድሃ ሰፈሮች ውስጥ ኤል ፖርቬኒር የተባለው፣ 17 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የእግረኛና የብስክሌት ጎዳና ተሠራ። የመኪናው መንገድ ገና ጭቃ ሆኖ ሳለ የእግረኛው ተነጥፎ ነበር። ትራንስሚሌንዮ ዛሬ ከመጠን በላይ ይጨናነቃል፤ የቦጎታ ሰው ሲያማው ነው የሚውለው። መሬቱ ቀድሞ መገዛቱ ግን ትክክል ነበር።

ሞንጎመሪም መሣሪያ አላጣም። ከ1974 ጀምሮ ብዙ ቤት የሚሠራ ኩባንያ ከሚሠራው የተወሰነውን እጅ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በሚቻል ዋጋ እንዲያቀርብ የሚያስገድድ ሕግ አለ። በ2023 ደግሞ የኪራይ ጭማሪ ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድብ ሕግ ወጥቶ በ2024 ሥራ ላይ ውሏል። ሆኖም ገና 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ከሕጉ ውጭ ናቸው። አሮጌው አፓርትመንት ፈርሶ አዲስ ሲተካ ገደቡም አብሮ ይፈርሳል ማለት ነው። ሩት 29 ዳር የሚኖረው ወገናችን ማስታወስ ያለበት ይህችን ቀዳዳ ነው። ሱቅ ያላችሁ ደግሞ በሲልቨር ስፕሪንግ ቦኒፋንት ጎዳና ላይ ፐርፕል ላይን የተባለው ባቡር ሲሠራ የሆነውን አይታችኋል። ግንባታው በ2017 ተጀምሮ በተደጋጋሚ ሲጓተት፣ ለዓመታት በአጥር የታጠረ ደጃፍ ይዘው ኪራይ የከፈሉ ነጋዴዎች አሉ። መስመር ሲታቀድ ለግንባታው ዘመን ካሳና እርዳታ አብሮ ካልታቀደ፣ ጣቢያው ሲከፈት ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ይገኛል።

ስለ ካሳ ካነሳሁ አይቀር አዲስ አበባን ሳልጠራ ማለፍ አልችልም፤ ያው ጥያቄ እዚያ በባሰ መልኩ ቆሟልና። ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ የብልጽግና መንግሥት ‹‹የኮሪደር ልማት›› በሚል ስም ከፒያሳ ጀምሮ ከተማዋን እያፈረሰ ሲሠራ ከርሟል። ንድፉን እንደ ባለሙያ ብቻ ካየሁት ያማረ ነው፤ የእግረኛው መንገድ ሰፊ ነው፣ የብስክሌት መስመር አለው፣ መብራት አለው። እኛ ተቃዋሚዎች ይህን ስንክድ ራሳችንን ነው የምናስገምተው። ከተማዋ ከ2019 እስከ 2028 የሚሠራ የእግረኛና የብስክሌት ስልት ነበራት፤ በከተማዋ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር መሆኑም ከጥንት የታወቀ ነው። እግረኛ መንገድ የሚያስፈልጋት ከተማ ብትኖር አዲስ አበባ ናት።

ግን ያ በእግሩ የሚሄደው ሰው የት ሄደ? የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ነዋሪ በእግሩ የሚሄደው ሥራው፣ ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት አጠገቡ ስለነበሩ ነው። እሱን በቀናት ማስጠንቀቂያ አንስቶ ከተማው ጫፍ ገላን ጉራ ወስዶ ማስፈር ማለት እግረኛውን ወደ ታክሲ ሰልፈኛ መለወጥ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኤፕሪል 2025 ባወጣው መግለጫ በቦሌና በለሚ ኩራ ብቻ በኖቬምበር 2024 ቢያንስ 872 ሰዎች በግዳጅ መነሳታቸውን ገልጾ ሥራው እንዲቆም ጠይቋል። የእግረኛ መንገዱ ተሠራ፤ እግረኛው ተነሳ። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ብድር ከዊንጌት እስከ ጀሞ ይሠራል ተብሎ ለዓመታት ሲነገርለት የኖረው ፈጣን የአውቶቡስ መስመርም የሚያልፈው ሰው በተጠጋጋባቸው ሰፈሮች ነው። በጣቢያዎቹ ዙሪያ 800 ሜትር ክብ ተሥሎ በክቡ ውስጥ ያሉት እንዳሉ ይቆያሉ፣ ወይስ ክቡ የማፍረሻ ካርታ ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ የከተማ ምክር ቤት አባል ካለ ድምፁን አልሰማሁም።

‹‹ማስተር ፕላን›› የሚለው ቃል ለእኛ አገር ሰው የደም ትዝታ አለው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን በ2014 ተቃውሞ ቀስቅሶ፣ በ2015 እንደገና አገርሽቶ፣ ብዙ ወጣት ካለቀ በኋላ በጃንዋሪ 2016 ተሰረዘ። ስለዚህ እዚህ አገር በፖስታ ሳጥናችን ‹‹የማስተር ፕላን ስብሰባ›› የሚል ወረቀት ሲመጣ ወይ እንፈራለን ወይ እንጥለዋለን። የዋይት ኦክ ዕቅድ በ2014፣ የፌርላንድና የብሪግስ ቼኒ ዕቅድ ደግሞ በዲሴምበር 2023 ጸድቀዋል። የኋለኛው የተካው የ1997ቱን ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቅድ የሩብ ምዕተ ዓመት ዕድሜ አለው ማለት ነው። ሁለቱም ከጣቢያዎቹ አጠገብ መኖሪያና ንግድ ተቀላቅሎ እንዲሠራ፣ የእግረኛና የብስክሌት መንገዶች እርስ በርስ እንዲገናኙ ይላሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሁሉ ግን በራሱ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ማቋረጫ፣ እያንዳንዱ መተላለፊያ በየዓመቱ በጀት ሲያገኝ ነው የሚሠራው። በጀት ደግሞ የሚሄደው ጩኸት ወዳለበት ነው። እኔ በተገኘሁባቸው ስብሰባዎች የሚናገሩት ቤታቸውን የገዙ፣ ጡረታ የወጡ፣ መናገር የለመዱ ሰዎች ናቸው። ሕጋዊ መብታቸው ነው፤ የሚያስቀየመኝ የእኛ ወንበር ባዶ መሆኑ ነው።

ለመናገር ዜግነት አይጠየቅም። የፕላን ቦርዱ የሚሰበሰበው ዊተን፣ የካውንቲው ምክር ቤት ሮክቪል ነው። አስቀድሞ የተመዘገበ ሰው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ በጽሑፍ መላክም ይቻላል። ካውንቲው በአማርኛ ማስታወቂያ ያወጣል፤ አስተርጓሚ ከፈለጋችሁ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። ስትጽፉ ‹‹ሰፈራችን ይሻሻል›› ብላችሁ አትጻፉ፤ ይህን ሁሉም ይላል፣ ፋይል ውስጥም ይገባል። የማቋረጫውን ስም፣ በስንት ሰዓት እንደምታቋርጡ፣ መብራቱ ስንት ሴኮንድ እንደሚሰጥና እናታችሁ ስንት ሴኮንድ እንደሚያስፈልጋቸው ጻፉ። በስልካችሁ መለካት ትችላላችሁ። የትኛው አጥር ቢከፈት ስንት ደቂቃ እንደሚተርፍ ጻፉ። የምትኖሩበት ሕንፃ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሠራ እወቁና፣ ሊፈርስ ነው ሲባል ተከራዮቹ በዚያው ኪራይ የመመለስ መብት በጽሑፍ ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቁ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሥር ሰው ሆናችሁ አንድ ላይ ብትፈርሙ የበለጠ ይሰማል።

ቸር እንሰንብት።